ሁለቱ ታዎች

መጀመሪያ ጉርምርምታው ነበር። ደም የሚያሽከረክረው ማሽን ጠባቧን ክፍል ሞልቶ ሲያጉረመርም ከሳንቃው ግድግዳ ወዲያ ያሉት ሁለት ሰዎች ለመደማመጥ ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር፤ ማሽኑ ሰዓቱ ደርሶ እየሰነፈ፣ እየሰነፈ መጥቶ ቀጥ ሲል ግን ድምፃቸውን መቀነስ ረሱ። «ታላቅም ታ፣ ታናሽም ታ!» አለች ኃላፊዋ። «አንዷን ከላይ አስምራ፣ አንዷን ከታች አስምራ ትመጣለች። እኛ እዚህ ቁጭ ብለን የትኛዋ ታ የማን እንደሆነች እንጠንቁል?» አንድ ሰው ሳቀ። ከሳንቃው ወዲህ የማሽኑን ክዳን ልታነሣ እጇን የዘረጋችው ሴት፣ እጇ እንደተዘረጋ ቀረ።

ሴትየዋ ደም ቀጂ ናት። መርፌዋ መግባቱ ሳይታወቅ ደሙ ሞልቶ ስለሚያልቅ፣ በሠራችባቸው ቦታዎች ሁሉ «እጀ ቀላል» ሲሏት ኖረዋል፤ እያለቀሱ የገቡ ሕፃናት እንኳ «አለቀ?» ብለው ተገርመው ይወጣሉ። አሁን የምትሠራበት ጥናት እህትማማቾችን ይፈልጋል፤ አንዷ የታመመች፣ አንዷ ጤነኛ። በሽታው ሰውነት የገዛ ራሱን ሥጋ እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚያጠቃበት ነው፤ ዛሬ መገጣጠሚያን፣ ነገ ቆዳን፣ ሳይታሰብ ደግሞ ኩላሊትን። ደሙ የሚገባበት ብልቃጥ እንደ ጣት ቀጭን ስለሆነ ከቁጥሩ ጎን ከአንድ ፊደል በላይ አያስጽፍም። ታላቅም ታናሽም በታ ስለሚጀምሩ እጀ ቀላል የራሷን ዘዴ አወጣች፦ ታላቅ ከሆነች ታን ጽፋ ከታች ታሰምርባታለች፣ ታናሽ ከሆነች ከላይ። ታናሽ ማለት ከላይዋ ሰው ያለባት ማለት ነው። እሷም ለቤታቸው የመጨረሻ ልጅ ስለነበረች ይህ ነገር ማብራሪያ የሚፈልግ መስሎ ታይቷት አያውቅም። ኃላፊዋ ግን የበኩር ልጅ ናት፤ ለእሷ ከላይ ያለው ሁሉ ታላቅ ነው።

«ግቢ፣ ግቢ። በቁምሽ የሰማሽው መሰለኝ» አለች ኃላፊዋ፣ እጀ ቀላል በሩ ላይ ስትታይ። ከሲታ ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ትፈልጋለች። በክፍሉ ውስጥ ሁለት ወንበር አለ፤ አንዱ ላይ እሷ ተቀምጣለች፣ ሌላው ላይ ፋይል ተከምሯል፤ ስለዚህ የገባ ሁሉ ቆሞ ነው የሚያወራው። በመስኮቱ በኩል ኮምፒውተሩ ላይ የተደፋው ሰውዬ ፀጉሩ ከፊት የሸሸ፣ ሦስት ልጆች ያሉት፣ የደሙን ቁጥር ሁሉ የሚያስገባና የሚያሰላ ነው፤ «ሰንጠረዥ» ነው የሚሉት። አሁን ስለሳቀ አፍሮ ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሣም።

«አሥራ ሰባተኛው ጥንድ ተገለባብጧል» አለች ኃላፊዋ። «የታመመችው የታላቋ ደም ጸጥ ብሏል፣ የጤነኛዋ የታናሿ ይጮኻል። ይኼ ሊሆን አይችልም። ምልክቱ ተቀያይሯል ማለት ነው፤ ስለዚህ እኛም ቀየርነው። ማስታወሻው ላይ ‹የናሙና ሰብሳቢ ስህተት› ብለን እናልፈዋለን። ቅር አይበልሽ፣ ሰው ነሽ።»

«እኔ አልቀየርኩም፣ ዶክተር።»

«ከሦስት ወር በፊት የቀዳሽውን ታስታውሻለሽ?»

አላስታወሰችም። ያን ቀን ስንት ክንድ እንዳሰረች እንኳ አታስታውስም። የምታስታውሰው እጇ የለመደውን ብቻ ነው፤ መርፌው ክንድ ውስጥ እያለ ብልቃጧ ላይ እንደምትጽፍ፣ የሰውየውን ቁጥር ራሱ ጮክ ብሎ እንዲያነብላት እንደምታደርግ። እጅ ግን ምስክር አይሆንም። «ደግሜ ልቅዳና ይታይ» ብትል ኃላፊዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አገኘችውና ዓይኗ ላይ አወረደችው። ለአንድ ጥንድ ተብሎ አዲስ ዙር አይከፈትም፤ ጽሑፉ አርብ ይላካል። ክፋት አልነበረበትም አነጋገሯ፤ የደከመው ሰው አነጋገር ነበር፤ ነገሩን የባሰ ያደረገውም ይኸው ነው። የእጀ ቀላል ውል የሚታደሰው በወሩ መጨረሻ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በስሟ አጠገብ «ስህተት» የሚል ቃል ተጽፎ አያውቅም።

ኃላፊዋ ለስብሰባ ስትወጣ ሰንጠረዥ ወንበሩን አዙሮ ፋይሉን ከሌላው ወንበር ላይ አነሣላት። «ተቀመጪ ሲስቱ። የሳቅሁት በአንቺ አይደለም፣ ‹እንጠንቁል› በሚለው ነው» አለ። ስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣቦች እንደ ተዘራ እህል ተዘርተዋል። ሰንጠረዥ ለልጆቹ ሲያስረዳ እንደለመደው ነው ያስረዳት። ሰው ውስጥ ሃያ ሺህ አምፖል ያለበት ሕንፃ አለ በይ፤ አምፖሎቹ ጂኖቹ ናቸው፤ ሁሉም ሰው ዘንድ አሉ። እኛ የምንጠይቀው አምፖሉ አለ ወይ ብለን አይደለም፣ ዛሬ በርቷል ወይ ብለን ነው። ሌባ ሲገባ የሚበሩ አምፖሎች አሉ። በዚህ በሽታ ግን ሌባ ሳይገባ ይበራሉ፣ ዘበኛውም ተነሥቶ የቤቱን ሰው ይደበድባል። ጣቱን አንዷ ቀጭን መስመር ላይ አሳረፈ፤ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ናት፤ ቀዩ የበራ፣ ሰማያዊው የጠፋ ነው። «ይቺ ከላይ ያሰመርሽባት ናት። ታናሽ ብዬ ነው ያስገባሁት፣ አንቺ እንደነገርሽኝ። ዶክተሯ ቀይራ ታላቅ አለቻት።»

«ታላቋ እንዴት ጸጥ ልትል ቻለች ታዲያ?»

«እብጠት ማብረጃ ክኒን የዋጠ ሰው እንዲህ ጸጥ ይላል። አምፖሉን ያጠፋዋል። ግን ቅጹ ‹መድኃኒት አልጀመረችም› ነው የሚለው፤ የሞላሽውም አንቺ ነሽ። መድኃኒት ከሌለ የዶክተሯ ነው የሚያስኬደው።» ጢሙን አሸት አሸት አደረገና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልብ በይ ግን» አለ፤ «አንቺ ልክ ከሆንሽ ያቺ ጤነኛ ያልናት ልጅ ታማለች።»

ደንቡን ሁለቱም ያውቁታል። ውጤት ለማንም አይነገርም፤ ነገር ግን ጤነኛ ተብላ የገባች ሴት ደሟ አጠያያቂ ሆኖ ከተገኘ ትጠራለች፣ ያለ ክፍያ ትመረመራለች። ምልክቱ ከተቀየረ ወዲህ የምትጠራ ሴት የለችም። እጀ ቀላል ቢሮዋ ገብታ የጥንዱን ቅጾች አወጣች። በራሷ እጅ፣ በራሷ ሰማያዊ ቀለም፣ ስለ ሕመም ምልክት ለታናሿ የተጠየቁት አሥር ጥያቄዎች ፊት ለፊት አሥር «የለም» ተደርድሯል፤ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ የተጻፉ ይመስላሉ።

የምሳ ሰዓት ሲደርስ ለማንም ሳትናገር ወደ እህትማማቾቹ ቤት ወጣች። አውቶቡሱ ውስጥ ከአጠገቧ የተቀመጠች ሴት ግማሽ ከረጢት ሽንኩርት ጭኗ ላይ አቅፋ የሽንኩርት ዋጋ በአንድ ሳምንት እጥፍ መሆኑን ለመስኮቱ ትነግረዋለች፤ ሾፌሩ በየፌርማታው «ወደ ኋላ! ከኋላ ቦታ ሞልቷል!» እያለ ይጮኻል፣ ከኋላ ግን ቦታ የለም። እጀ ቀላል የምትለውን በልቧ ትደረድር ነበር። ስለ መድኃኒት ትጠይቃለች፤ ከተገኘ ቅጹን ታስተካክላለች፤ ኃላፊዋም «ይቅርታ» ትላታለች። ቃሉን ለብቻዋ ደጋግማ ሰማችው። የልጅቷ ነገር ልቧ ውስጥ የገባው ዘግይቶ ነው፤ አውቶቡሱ ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ፤ ያን ጊዜም በራሷ አፈረች።

ቤቱ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ክፍል ናት፤ ቁም ሣጥኑ መሐል ላይ ቆሞ ሁለት አድርጓታል። ወዲህ ማዶ የእናትየው አልጋ፣ ምድጃና የእጅ መታጠቢያ፤ ወዲያ ማዶ ሁለቱ እህትማማቾች የሚጋሩት ሰፊ አልጋ። ታላቋ ፀሐይ ስለማይስማማት መጋረጃው በልብስ መቆንጠጫ ጥርቅም ተደርጎ ተይዟል፤ በቀትር አምፖል ይበራል። እናትየው ትንሽ፣ ፈጣንና ወሬኛ ናቸው። ወንበር አቧራውን በቀሚሳቸው ጠርገው ሰጧት፣ ሻይ ጣዱ፣ አፋቸው አልተዘጋም። «እናንተ ደግሞ ስሙን ለምን ሌላ አትሉትም? ጎረቤቴን ‹ልጆቼን ጂን ነው የሚያጠኑላቸው› ብላት፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ደረጃው ላይ ስታገኘኝ ግድግዳ ግድግዳውን ነው የምትሄደው። ‹ጂኒ› ያልኳት መስሏት!» ከቁም ሣጥኑ ወዲያ ታላቋ ሳቀች። ሳቋ ከአልጋው ውስጥ ነው የመጣው።

ታላቋን ስታያት እጀ ቀላል ሌላ ሰው መሰለቻት። ከሦስት ወር በፊት ጉንጯ የጎደጎደ፣ አጥንቷ የሚቆጠር ሴት ነበረች የቀዳቻት። አሁን ፊቷ ሞልቷል፣ እንደ ሙሉ ጨረቃ ክብ ሆኗል፤ ትራስ ተደግፋ የእህቷን የሥራ ሽርጥ ትጠግናለች። እናትየው የእንግዳዋን አስተያየት አይተው ደስ አላቸው። «አማረባት አይደል? ያን ክኒን ከጀመረች ወዲህ ነው እኮ ሰው የመሰለችው።»

«እማ!» አለች ታላቋ።

ሻዩ መንተክተክ ጀመረ። ለማውጣት የተነሣ የለም። እናትየው የተናገሩትን ወደ አፋቸው ሊመልሱ የፈለጉ ይመስል ከንፈራቸውን በሁለት ጣት ያዙ። ታላቋ መርፌዋን ሽርጡ ላይ ሰካችና ሳትጠየቅ ተናገረች። የሰፈሩ ፋርማሲስት ነው የሰጣት፤ እነሱ ደም ሊወስዱ ከመምጣታቸው ስምንት ቀን በፊት። መተኛት አቅቷት ነበር። «መድኃኒት የጀመረች አንቀበልም ተባለ። እዚያ ከተመዘገብኩ ግን ኩላሊቴ በየወሩ በነፃ ይታያል። ሌላ ቦታ አንዱ ምርመራ የእሷን ግማሽ ደመወዝ ነው» አለች ወደ ሽርጡ አገጯን ቀስራ። «ውሸት መሆኑን አውቃለሁ ሲስተር። እርስዎን ምንም ያደርጋል ብዬ አላሰብኩም።»

እጀ ቀላል ከጠዋት ጀምሮ የፈለገችው ይኸው ነበር፤ እጇ አልተሳሳተም። ሦስት ቃል ለኃላፊዋ ብትናገር ስሟ ይነጻል። ያው ሦስት ቃል ይህችን ሴት ከመዝገቡ ያወጣታል፣ የወሩ ምርመራም ይቀራል። ደግሞም አሁን ሌላውን ነገር መሸሽ አይቻልም፤ ከላይ የተሰመረባት ቀይ መስመር የዚህ ሽርጥ ባለቤት ናት። ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳሳትኩ ኖሮ ብላ ተመኘች።

ታናሿ በምሳ እረፍቷ እየሮጠች ገባች። ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው የምትሠራው፤ ሁለት ፌርማታ ስለሆነ መጥታ ለእህቷ ምሳ አቅርባ ትመለሳለች። ከደጅ ጀምራ ታወራለች፤ አለቃቸው ዛሬ የሰው ሙሉ ልብስ እንዳቃጠለ፣ «ጨርቁ ራሱ ደካማ ነበር» ብሎ ባለቤቱን እንዳሳመነው። ጉንጮቿ ላይ ዱቄት ደርባ ተቀብታለች፤ በዱቄቱ ሥር ደም የመሰለ ቅላት ከአንዱ ጉንጭ በአፍንጫዋ በኩል ወደ ሌላው ይሻገራል። እንግዳዋን ስታይ «ውይ ሲስተር! ደማችን ተደፋ እንዴ? እንቅዳላችሁ፣ ሞልቷል!» ብላ ሳቀች፤ እጇንም ልትታጠብ ቧንቧውን ከፈተች። ውሃው እንደነካት ሦስት ጣቶቿ ነጡ። መንጣት ሲባል እንደ ሻማ፤ ደም ደርሶባቸው የማያውቅ ይመስል። በሌላው እጇ እያሸች ማውራቷን ቀጠለች። የማርመላታውን ብርጭቆ አንሥታ ክዳኑን ልትከፍት ሞከረችና፣ የተለመደ ነገር ይመስል፣ ዞር ሳትል ለእናቷ አቀበለች፤ እናትየውም ዞር ሳይሉ ከፍተው መለሱላት።

«ጠዋት ጠዋት ጣትሽ እሺ ብሎ የሚታጠፍልሽ መቼ ነው?» አለች እጀ ቀላል።

«አውቶቡሱ እስኪመጣ ይፈታታል።»

«ስንት ጊዜ ሆነው?»

«እኔ እንጃ። ክረምቱ ሲገባ ነው መሰለኝ። ማነው የማይደክመው ሲስተር? ቀኑን ሙሉ የሰው አንሶላ ሳነሣ ስጥል።»

«ያኔ ስጠይቅሽ ምነው ‹የለም› አልሽኝ?»

ታናሿ ጥያቄው አስቂኝ ሆነባት። «የታመመችው እሷ ናታ!» አለች፣ በነጩ ጣቷ ወደ አልጋው እያመለከተች። እጀ ቀላል ያን ቀን አሁን አስታወሰችው። ልጅቷ ልክ እንዲህ እየሳቀች ነበር «የለም በይው ሁሉንም» ያለቻት፤ እሷም ከሕንፃው በታች መኪናው ስለሚጠብቅ፣ ሳቂታ ሰው ስለሚያስደስት፣ ሁሉንም «የለም» ብላ ወርዳ ወርዳ ጽፋለች። መስመሯን አልሳተችም። የሳተችው ሌላ ነው፤ እሱን ደግሞ ማስታወሻ ላይ የሚጽፈው የለም።

«ሐኪም ዘንድ ሂጂ» አለች። «ዛሬ ነገ ሳትዪ። ጣትሽን አሳይ፣ ሽንትሽንም ይዩልሽ።»

እናትየው የሻይ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። «ምን ሆነችና ነው ሐኪም የምትሄደው? እሷ እንኳ ብረት ናት! ልጄ፣ አንዷ አትበቃኝም? ሰው ቤት ገብቶ ያልታመመ ሰው ላይ በሽታ ይፈለጋል እንዴ?» ድምፃቸው መጨረሻው ላይ ተሰበረ። ታናሿ ትከሻቸውን ዳበስ አድርጋ «ተዪ እማ፣ ለደግ ብላ ነው» አለችና ወደ እጀ ቀላል ዞረች። «በየትኛው ጊዜዬ ልሂድ ሲስተር? ግማሽ ቀን ከቀረሁ የቀኑን ይቆርጡብኛል። ደግሞ ደሜን አይታችሁት የለ? የሚያስፈራ ነገር ቢኖር ትጠሩኝ ነበር።»

እጀ ቀላል ብትናገር ደንብ ታፈርሳለች፤ እሱ እንኳ ይቅር። ብትናገር የምትናገረው በቢሮው መዝገብ የሌለ ነገር ነው፤ በመዝገቡ የዚህች ልጅ ደም ሰማያዊ ነው። «እንጠራሻለን ለማለት» አለች ቃል በቃል እየመረጠች፣ «ወረቀቱ ልክ መሆን አለበት። አሁን ልክ አይደለም። እኔ ብናገርም ቅጹ ሌላ እስካለ የሚሰማኝ የለም። አርብ ደግሞ ይላካል።»

ከዚህ በላይ አላብራራችም። ታናሿ ነገሩ አልገባትም፤ የማርመላታ ዳቦ ቆርሳ ለእህቷ በሳህን እያደረገች ነበር። እናትየውም አልገባቸውም። ታላቋ ግን ሽርጡን ታቅፋ፣ ዓይኗን ከእህቷ ጣቶች ላይ ሳትነቅል ቆየች። ጣቶቹ ከነጭ ወደ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊ ወደ ቀይ እየተመለሱ ነው። «ሲስተር» አለች ቀስ ብላ፣ «የእኔ ደም ደህና ሆነ፣ አይደል? በክኒኑ።»

እጀ ቀላል ወለሉን አየች።

«የሷስ?»

አሁንም ወለሉን አየች። የሳጠራ ምንጣፉ ላይ የፈሰሰ የሻይ ጠብታ ደርቆ ክብ ሠርቷል። ታናሿ «እንቺ ብዪ፣ እታለም፣ ልሄድ ነው» ብላ ሳህኑን ዘረጋችላት። ታላቋ ሳህኑን ተቀብላ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ከብርድ ልብሱ ውስጥ አንድ እግሯን፣ ቀጥሎ ሌላውን አወጣች። የቁም ሣጥኑን ጠርዝ ይዛ ቆመች፤ ደረጃውን ብቻዋን ከወረደች ሰባት ወር ሆኗታል። እናትየው «ምን ፈለግሽ? እኔ ላምጣልሽ» አሉ። ታላቋ ከትራሷ ሥር የክኒኑን ካርቶን አወጣች፣ ፋርማሲስቱ የጻፈበትን ቀን አየች፣ ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ካፖርቷን በሌሊት ልብሷ ላይ ደረበች። የራሷ ጫማ ላበጠ እግሯ እንቢ ሲል አውልቃ ወደ ጎን አደረገችው፤ የእናቷን ሰፊ ሸበጥ አጠለቀች።

ታናሿ ክንዷን ልትይዝ ስትጠጋ ታላቋ ያን እጅ ተቀበለችው፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ እስኪሞቁ የምትጠብቅ ይመስል፣ በመዳፏ ውስጥ ያዘቻቸው። ከዚያ ለቀቀቻቸው። «ወዴት ነው?» አሉ እናትየው። «አንቺ ልጅ፣ አንቺን እኮ ነው! ወዴት ነው?»

ካርቶኑን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከትታ፣ ግድግዳውን እየተደገፈች፣ በሩን ሳትዘጋው ወጣች።